የእሁድ ተማሪዬ እና የአናቶሚው ጠረጴዛ

ወልድያ ተመድቤ በሐኪምነት መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መርሳ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መምህር ደወሉልኝ። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ነበር የቀራቸው። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ የዝናቡን ነገር አነሱ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ከዚህ ግቢ ሕክምና የገባ ስንት ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«ጣቴን እያጠፍኩ ብቆጥር አንድ እጅ አልሞላልኝም። ሴት ደግሞ ጭራሽ የለችበትም። አንድ ቀን ነይና አነጋግሪያቸው።»

ከወልድያ መርሳ ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ብዙ ካልቆመ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። የተማርኩበት ክፍል ያው ነው። ቤተ ሙከራው ግን በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ፣ ጠረጴዛዎቹና ሌንስ የሌለው አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ቀርተውታል። መምህሩ ያንን ማይክሮስኮፕ ጨርቅ አልብሰው አስቀምጠውታል፤ ልጆቹ ቢያንስ መልኩን ይወቁት ብለው።

ስለ ጥረትና ስለ ተስፋ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ተናገርኩ። ልጆቹ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ስል አንዱ ደም ሲያዩ አያዞርዎትም ወይ አለኝ፤ ሌላው ደመወዝዎን ይንገሩን ሊል ዳር ዳር ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች፣ ግራጫ ሒጃብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ተነሳች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ያልገባዎትን ነገር ማንን ይጠይቁ ነበር?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልጠበቅኩም። እኔ ሕክምና ስገባ የማውቀው ሐኪም ጤና ጣቢያ መርፌ የወጋኝን ሰውዬ ነበር፤ እሱም ሐኪም እንዳልሆነ በኋላ ነው የገባኝ። አብረውኝ የገቡት የከተማ ልጆች አጎት ወይ ታላቅ እህት፣ አለዚያም የአምናን ፈተና የሚያውስ ጎረቤት ነበራቸው። እኔ መጽሐፉን ደግሜ አነባለሁ፤ ደግሜም ካልገባኝ ዘልዬ አልፋለሁ።

«ማንንም» አልኳት።

«እሺ» ብላ ተቀመጠች።

ወደ ወልድያ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያቺን «እሺ» ሳስብ ነበር። በሳምንቱ ለመምህሩ ደውዬ ክፍሉን በየሳምንቱ ቅዳሜ ይከፍቱልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቁልፉ መቼም ኪሴ ነው አሉኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ያቺ ልጅ ግን የለችም። በሁለተኛውም የለችም። አብራት የምትኖረውን ልጅ ጠየቅኳት። ሁለቱ ከመስጊዱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚማሩት።

«ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ቆላ ትወርዳለች» አለችኝ። «እኔም በየአስራ አምስት ቀኑ እሄዳለሁ። ሁላችንም እንደዚሁ ነን፣ የከተማዎቹ ሲቀሩ።»

እዚሁ ሐብሩ ወረዳ ተወልጄ አድጌ ይህን አለማሰቤ ገረመኝ። ትምህርቱን ወደ እሁድ ከሰዓት አዛወርነው። እኔ ከቅዳሴ መልስ ምሳዬን በልቼ እሳፈራለሁ፤ እነሱም ዱቄታቸውንና ሽሯቸውን ቤት አስቀምጠው ይመጣሉ። ከመሸ መመለሻ ስለማይገኝ ጊዜያችን አጭር ናት። አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋና እኔ ወልድያ፣ እነሱ መርሳ ሆነን እንቀራለን። ያኔ መምህሩ ብቻቸውን ያስተምራሉ።

ልጅቷ ባዮሎጂ ታውቃለች። በአማርኛ ብትጠይቋት ደም ከልብ ወጥቶ በሳንባ ዞሮ እንዴት እንደሚመለስ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየሳለች ታስረዳለች። ወረቀት ላይ ግን ትሳሳት ነበር። ሁለት ሳምንት የተሳሳተቻቸውን ጥያቄዎች ለየብቻ አስቀምጬ ሳያቸው ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው፤ «ኤክሴፕት» የሚል ቃል አለባቸው። «ከሚከተሉት ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ከአንዱ በቀር» የሚለውን ጥያቄ አንብባ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ ታከብና ታልፋለች።

«ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«መቀበል መስሎኝ ነበር» አለች። ከ«አክሴፕት» ጋር አምታትታው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሹን ሰዓት ጥያቄ ማንበብ ብቻ አደረግነው። መልስ የለም፣ ጥያቄውን ጮክ ብሎ አንብቦ ምን እንደሚጠይቅ በአማርኛ መናገር ብቻ። መምህሩ መጀመሪያ ደስ አላላቸውም፤ እኔ የማስተምረው ባዮሎጂ ነው እንግሊዝኛ አይደለም አሉ። በኋላ ግን ከእኔ ብሰው «በቀር!» እያሉ ጠረጴዛ የሚመቱት እሳቸው ሆኑ።

ከሁለቱ ጓደኛሞች የምትበልጠው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላዋ ነበረች። ሒሳብ በጭንቅላቷ ትሠራለች፣ እንግሊዝኛውም አይቸግራትም። የአስራ ሁለተኛን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ሒጃብ ለባሿ አለፈች። ጓደኛዋ ለጥቂት ቀረባት። ፈተናው ሲሰጥ ታምማ ነበር። በሪሜዲያል ገብታ መቀጠል እንደምትችል ነገርኳት፣ ጓደኛዋም ለመነቻት። እሺ አለች። አንድ እሁድ ስመጣ ግን ዓረብ አገር መሄዷን ሰማሁ። አክስቷ ናት የወሰደቻት። ለመሰናበት አልመጣችም። እስካሁን አልፎ አልፎ ጂዳ ካለ ስልክ «ዶክተርዬ ደህና ነሽ?» የሚል የድምፅ መልእክት ይላክልኛል፤ ስለ ትምህርት ግን አንስታ አታውቅም፣ እኔም አላነሳባትም። የእሁዱ ክፍል ያወጣው ሰው ሲነሳ ያልወጣችውም እንድትነሳ እፈልጋለሁ።

ያለፈችው ልጅ ፍሬሽማኑን ጨርሳ ሕክምና ደረሳት። ዩኒቨርሲቲው ግማሽ ቀን በሚፈጅ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። እየቆየች ስልኳ ቀነሰ። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለእረፍት መጣች ሲሉ ሰምቼ እሁድ ትመጣ ይሆናል ብል አልመጣችም።

በዚያው ሳምንት አባቷ መጡ።

ተመላላሽ ክፍል ኮሪደሩ ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ካርድ ያውጡ ቢባሉ «እኔ አልታመምሁም፣ ሰው ፈልጌ ነው» ብለው ነርሷን መልሰዋታል። ታካሚዎቼን ስጨርስ ወጣሁ።

«አሰላሙ አለይኩም። አንቱ ኖት ልጄን እሁድ እሁድ የሚያስተምሩት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ። ምነው፣ በደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። አንድ ነገር ልጠይቆት ነው የመጣሁት።»

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወስጄ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የመርሳ ልጅ ነኝ፣ አባቴ እዚያው ልብስ ሰፊ ነበር አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«የዚያ የሰፊው ልጅ ነሽ? ያ አንድ እግሩን የሚያነክሰው? የሰርግ ኮቴን የሰፋልኝ እሱ እኮ ነው!» አሉ፣ ከዚያ በኋላ አንቱታው ቀረ። «እንግዲያው የቤት ልጅ ነሽ፣ አትዋሺኝም። ልጄ እዚያ ሬሳ ትቆርጣለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሁሉም የሕክምና ተማሪ በዚያ ነው የሚያልፈው። እኔም አልፌበታለሁ።»

«የማን ሬሳ ነው?»

«ሲሞቱ የፈለጋቸው ዘመድ ያልተገኘ ሰዎች ናቸው።»

«ማን አጠባቸው? ማን ከፈናቸው?»

«አላውቅም አባቴ» አልኳቸው። በእርግጥም አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ስማር ጠይቄው አላውቅም።

ዱላቸውን መሬት ላይ እያዞሩ ቆዩ። «በእኛ አገር ዘመድ የሌለው ሬሳ የለም» አሉ። «ወንዝ ያመጣው ቢሆን መንደሩ ዘመዱ ነው። ልጄ እንድትማር እኔ ነኝ የፈቀድሁት። ወንድሞቼ ሲቃወሙ ሴት ሐኪም ትሁንልን፣ ሚስቶቻችንን ወንድ ከሚያይብን ብዬ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። ይህን ግን አላወቅሁም። ሐራም ከሆነ ትመለሳለች።»

ልከራከራቸው አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚህም ሌላ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ የምፈርድበት ሥልጣን የለኝም። «እርስዎ የሚያምኗቸው ሸህ አሉ?» አልኳቸው። «እንሂድና እንጠይቃቸው። ልጅቷም ትምጣ። እሳቸው የሚሉትን እኔም እቀበላለሁ።»

ይህን ስል ሸሁ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

ሸሁ የሚኖሩት ውርጌሳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በማግስቱ ፈረቃ ስላልነበረኝ መርሳ ላይ ተገናኝተን ሦስታችን አብረን ሄድን። ልጅቷ ከስታለች።

ሸሁ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አባትየው ጉዳዩን አስረዱ። ሸሁ ወደ እኔ ዞረው «ያለዚህ ሐኪም መሆን አይቻልም?» አሉኝ።

«በሥዕልም በፕላስቲክም ይማራሉ» አልኳቸው። «ግን የአንዱ ሰው ሆድ ዕቃ እንደ ሌላው አይደለም። ሥዕል ላይ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። ያንን ብቻ አይቶ ሕያው ሰው መክፈት ያስፈራል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አባትየው መልስ ሊሰጡ ሲሉ ሸሁ በእጃቸው አስቆሟቸው። ልጅቷ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ ጀመረች።

«አባ፣ እኔ አንቱን ሳልፈራ አልቀረሁም፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። የአናቶሚን፣ የዚህን የሬሳውን ትምህርት ፈተና ወድቄያለሁ።»

ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር።

«የወደቅሁት ጠረጴዛው ጋ ስላልቀረብሁ ነው። ሌሎቹ ከበው ሲሠሩ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት ናት፣ ትልቅ ሴት። የእጇ ጥፍር ላይ እንሶስላ አለ። ሞቃ የነበረው ጥፍሯ ላይ ቀርቷል። አክስቴን መሰለችኝ። ለነፍሷ ፋቲሓ እቀራለሁ፣ እጄን ግን ማሳረፍ አልቻልሁም። አንድም ቀን አልነካኋትም።»

ማልቀስ አልጀመረችም። አባቷ ናቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የጠረጉት። «ሱብሐነላህ» አሉ፣ «የኛ ሰው ትሆን?»

«እንሶስላ ክርስቲያኑም ይሞቃል» አሉ ሸሁ። «የማን እንደሆነች አላህ ያውቃል።» ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው ስልካቸውን አወጡ። «ይህ እኔ ብቻዬን የምፈርድበት አይደለም። ከኔ የሚበልጥ ልጠይቅ።»

ደሴ ላሉ አንድ ዓሊም ደወሉ። በአማርኛም በዓረብኛም እየቀላቀሉ ረጅም ጊዜ አወሩ። እኛ ሦስታችን የማያውቀውን ፊደል እንደሚያነብ ሰው የሸሁን ፊት እናነባለን። ሲጨርሱ ስልኩን አስቀምጠው እንዲህ አሉ።

«ሕያውን ለማዳን ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ችግር የከለከለውን ይፈቅዳል። ግን አደብ አለው። የማትማሩበትን ገላ ትሸፍናላችሁ። በላይዋ አይሳቅም፣ አይቀለድም። ዱዓ ታደርጊላታለሽ። ሲያበቃም ትቀበራለች፤ መቀበሯን አንቺ ጠይቀሽ ታረጋግጫለሽ።»

አባትየው «መቀበሯን ካረጋገጠች ትማር» አሉ።

ስንወጣ ልጅቷን ወደ ጎን ጠርቼ ለምን ለእኔ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። «እርስዎ ያለማንም ነው የተማሩት» አለችኝ፣ «እኔ ሰው እያለኝ ወደቅሁ ለማለት አፈርሁ።» ያንን የመጀመሪያ ቀን የሰጠኋትን መልስ እንደ ጀግንነት ይዛው ኖራለች። መርሳ እስክንደርስ ድረስ ያለማንም መማሬ ምን እንዳስቀረብኝ፣ ስንቱን ነገር ሳይገባኝ ዘልዬ እንዳለፍኩና በኋላ ታካሚ ፊት ቆሜ እንደገና እንደተማርኩት ነገርኳት። አባቷም እየሰሙ ነበር፤ «ወላሂ ትክክል ነው፣ ብቻውን ያረሰ ትልሙ ይጣመማል» አሉ።

የድጋሚ ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። እጇ መልመድ አለበት። መርሳ ካለ ሙስሊም ሥጋ ቤት የበግ ልብ ከነሳንባው፣ ጉበትና ኩላሊት አስቀምጡልኝ ብዬ፣ እሁድ ቤተ ሙከራው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ዘርግተን ቁጭ አልን። መምህሩም ነበሩ። ቢላውን ሰጠኋት።

«ይኸንንማ በየዓረፋው ስቆርጠው ነው ያደግሁት» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

«እንግዲያው ቁረጪው። ግን ለወጥ አይደለም።»

ልቡን በረጅሙ ከፈተችው። ግራው ግድግዳ ከቀኙ ለምን እንደሚወፍር ጠየቅኳት፤ በጣቷ እየዳበሰች መለሰች። ደም ሥሮቹ ውስጥ እርሳስ እያስገባች የት እንደሚወጣ ትከተላለች። በሚቀጥለው እሁድ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችም ከበዋት ቆሙና ለእነሱ ማስረዳት ጀመረች። ስታስረዳ የእንግሊዝኛ ስሞቹ ካፏ ሳትጨነቅ ይወጣሉ። መምህሩ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይቺ እኮ አስተማሪ መሆን ትችል ነበር» አሉኝ፤ ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ተመልሳ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ደወለችልኝ።

«ነካኋት» አለችኝ።

«እንዴት ነበር?»

«ቀዝቃዛ ናት። ፎርማሊኑ ዓይን ያቃጥላል። መጀመሪያ እጇን ያዝሁ፣ ልክ ሰላም እንደሚባለው። ከዚያ ሥራዬን ጀመርሁ።»

አስተማሪዋን ስለ ቀብሩ ጠይቃ፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ቅሪቱ በክብር እንደሚቀበር ነግረዋታል። ተማሪዎች መገኘት ይችላሉ ወይ ስትል፣ እስካሁን ጠይቆ የሚያውቅ የለም፣ ለምን አይቻልም አሏት። ገላዋን የመሸፈኑንም ነገር ለቡድኗ ልጆች ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ አንዷ የካህን ልጅ ግን ነጠላዋን አመጣች።

ድጋሚውን አለፈች። ከፍተኛ ውጤት አይደለም፣ አለፈች እንጂ። ከዚያ ወዲህ ግን አልወደቀችም።

ዓመቱ ሲያልቅ አባቷ ለሴትየዋ መክፈኛ የሚሆን አቡጀዲ ገዝተው በሰው ላኩላት። ቀብሩ ላይ ከክፍሏ ከግማሽ በላይ ተማሪ እንደተገኘ ነገረችኝ። ሴትየዋ የየትኛው ሃይማኖት እንደነበረች የሚያውቅ ስለሌለ፣ ከአካባቢው አንድ ቄስም አንድ ሸህም ለምነው አምጥተው ነበር። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ሸሁ ቆመው ጠበቁ፤ ሸሁ ቁርአን ሲቀሩ ቄሱ ቆመው ጠበቁ። አባትየውን በኋላ መርሳ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ይህን ሳወራላቸው «እንዲያ ነው» ብቻ ብለው ስለ ማንጎ ዋጋ መውደቅ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ልጅቷ ታካሚ ማየት ጀምራለች። ለእረፍት ስትመጣ የእሁዱን ክፍል የምትይዘው እሷ ናት፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቁልፉን ግን አላስረከቡም። ከዚያ ክፍል እሷን ተከትለው ሕክምና የገቡ አሉ፤ ነርስነትና ፋርማሲ የገቡ ይበዛሉ፤ ምንም ያልገቡም አሉ። ዘንድሮ አንዲት ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣች ልጅ አለች፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ መርሳ የምትማር። «ኤክሴፕት» አይቸግራትም፤ የእሷ ችግር ፊዚክስ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው እያፈላለግን ነው።

ባለፈው ክረምት ወልድያ የዓይን ቀዶ ጥገና ዘመቻ ነበር። የዓይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ዓይናቸውን የሚወጋቸው እናቶች ከየገጠሩ መጥተው ነበር። ልጅቷ በፈቃደኝነት ስታግዝ ሰነበተች። ሲያበቃ አብረን ሻይ እየጠጣን ወደፊት ምን ላይ ስፔሻላይዝ ማድረግ እንደምታስብ ጠየቅኳት። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

«ሁሉም ሰው የማህፀን ሐኪም እንድሆን ይፈልጋል» አለችኝ። «አባቴም፣ አጎቶቼም፣ ሸሁም፣ እርስዎም ይመስሉኛል።»

«እኔም» አልኳት።

«እኔ ዓይን ነው የምፈልገው።»

ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«ትናንት አንዷ ሴትዮ ፋሻው ሲፈታላት የሆነውን አይተዋል? ዝም ብላ የእጇን መዳፍ ታይ ነበር፣ እያገላበጠች። እኔም ያንን መሥራት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ሳቅ አለችና «አባቴን ግን እርስዎ ይነግሩልኛል» አለች።

አልነግርልሽም አልኳት፣ ይህንን ራስሽ ነግረሽ ተከራከሪ። የዓይን ሕክምና መጽሐፍ እኔ የለኝም፣ ግን ከጓደኞቼ እፈልግልሻለሁ አልኳት።